የቀሪ የለም ቁጥር

ጥቅምት 7

ለእህቴ፣ ለቤቱ አራሚ፤

ሰላምታዬ ከደጅ ጀምሮ እስከ ጓዳ ይዳረስ። እናቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ። እኔ ብርዱን ካልቆጠርሽብኝ ደህና ነኝ። እዚህ አገር ሰው ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው የገዛ ትንፋሹን ነው።

ዋናውን ወሬ ልንገርሽ፤ የእናቴ ፈቃድ ወጣ። ብርዱ ሲሰበር፣ ሚያዝያ ላይ መጥታ ስድስት ወር አብራኝ ትቆያለች። ክፍሉን ቀለም ቀብቼዋለሁ። አልጋውን ለእሷ ለቅቄ እኔ ሶፋው ላይ እሆናለሁ። መስኮቱ ወደ መንገድ ነው፤ ዓይኗ ደክሟልና ብዙ ባይታያትም ጫጫታው ያጫውታታል።

የጫማ ቁጥሯን ላኪልኝ። እሷን ከጠየቅሻት «ለምን ይቸገራል» ብላ ትደብቅሻለችና አሮጌውን ጫማ ገልብጠሽ እዪው።

ሥራዬ ያው ካርቶን ፋብሪካው ነው። ከመቁረጫ ማሽኑ ጋር ተላምደናል። እሱ እስኪሞቅ ድረስ የቀሪ የለምን ቁጥር በጣቶቼ እቆጥራለሁ፣ ከግራ ትንሿ ጣት ተነስቼ እስከ ቀኝ ትንሿ ጣት። ባለፈው አለቃችን አይቶኝ «ጸሎት ነው?» አለኝ። «የለም፣ የአያቴ ሒሳብ ነው» ስለው ጭራሽ ፈራኝ።

የሰዓት መጠገኛ ጠረጴዛዬን ማንም እንዳይነካብኝ። ወረንጦዎቼን ከጨርቃቸው አታውጪያቸው። በተለይ አንቺ! ስንቱን ደቃቅ ብሎን በማነሳበት ወረንጦ ቅንድብሽን የነቀልሽበትን ቀን አልረሳሁም። ሁለት ዓመት ሠርቼ ስመለስ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።

ሌት ተቀን የማስባችሁ
ወንድምሽ


ኅዳር 2

ለወንድሜ፣ ለካርቶን ቆራጩ፤

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ላስፈራኸው አለቃህም። እናትህ፣ የእኔ አሳዳጊ እትዬ፣ ምርቃቷን ጻፊለት ብላ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ሁሉን ከጻፍኩት ወረቀቱ አይበቃንምና «እደግ» ከሚለው ጀምረህ እስከ «ክፉ አይንካህ» ድረስ ራስህ ሙላው።

ጫማዋ 37 ነው። ገልብጬ ሳየው ያዘችኝ። «ጫማዬን ምን ታገላብጫለሽ፣ ልትሸጪው ነው?» አለችኝ። ዓይኗ ደከመ ስንል ጆሮዋ ሥራውን ሁሉ ጠቅልሎ ይዟል። ሰው ሲመጣ አሁን የምትለየው እጁን ጨብጣ ነው። ፖስተኛውን ባለፈው «ዛሬ ጓንትህን የት ጣልከው?» ብላ አስደነገጠችው። ሻንጣዋን በየቅዳሜው አውጥታ እንደገና ታዘጋጃለች። እዚህ ቤት እንደዚያ ሻንጣ ሥራ የበዛበት የለም።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ክፍሉን ቀለም ቀባሁ አልክ። አንተ? ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን የሚንጠባጠብ ጣራ በጣሳ ስትቀበል የኖርክ ሰው? ሴት ካለች አሁኑኑ ተናገር፣ እትዬ እዚያ ደርሳ ከምትደነግጥ። ማተሚያ ቤት ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም ስለምውል ይሆናል፤ ማታም አልተውህ ይለኛል። ቢሆንም መልስልኝ።

ጤናህን ጠብቅ፣ ካልሲ ደርብ፤
እህትህ


የካቲት 19

ለተከበርሽ እህቴ፤

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶ ነው።

የእናቴ ጉዞ ለጊዜው ይቆይ። ቤቱ አይመችም። የሚመቸውን ጊዜ እጽፋለሁ።

የሰዓት ጠረጴዛውን አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ላለው ሰዓት ሠሪ ስጪው። በነፃ ይውሰደው። ወረንጦዎቹንም ጨምሪለት።

የጽሕፈት መኪና ገዝቻለሁ። ከእንግዲህ የምጽፈው በእሱ ነው።

አክባሪሽ
ወንድምሽ


መጋቢት 12

ለማን ብዬ እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። ወንድሜ ከሆንክ ሰላም ላንተ ይሁን፤ ካልሆንክም ጤና ይስጥልኝ።

«ለተከበርሽ እህቴ» ትላለህ። እኔ ከመቼ ወዲህ ነው የተከበርኩት? ወንድሜ ሃያ ስምንት ዓመት አብሮኝ ኖሮ አንድ ቀን አላከበረኝም፣ እኔም እንደዚያው። ደግሞ ወሬ ሲጀምር መቆሚያ የለውም፤ ይህ ሰውዬ ግን በየሦስት ቃሉ አራት ነጥብ እንደ ችካል ይተክላል። ደብዳቤውን እንደ ሥራዬ ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት። አንዳንዱ ፊደል ወረቀቱን በስቶታል፣ አንዳንዱ ለመነበብ ያስለምናል። ፖስታው ላይ ያለው አድራሻ እንኳ በመኪና ተመትቷል። የእጅ ጽሑፍ አንድም የለበትም፤ ፊርማም የለም።

ይህ ሁሉ ይለፍ። ወረንጦዎቹን ለሰው ስጪ? ያንን ጠረጴዛ አቧራ ስጠርግለት እንኳ ላብ ላብ የሚለው ሰው? አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ያለውንስ ሰዓት ሠሪ «ሰዓት የሚያክም ሳይሆን የሚገድል» እያለ ሲሰድበው አልነበረም?

ሁለት ነገር ጠርጥሬአለሁ። አንደኛው፣ ሚስት አግብተህ የምትጽፈው እሷ ናት። ይህ ከሆነ እሰየው፣ እመቤቲቱ እንኳን ወደ ቤታችን መጣሽ። ሁለተኛውን ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ፤ ግን እጽፈዋለሁ። የማተሚያ ቤታችን ዘበኛ ወንድሙ ሰው አገር ሄዶ ሞተበት። አብረውት አንድ ክፍል ይኖሩ የነበሩ ጓደኞቹ እናትየው እንዳትደነግጥ ብለው ሰባት ወር ሙሉ በሟቹ ስም ደብዳቤ ጻፉ። «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶ ነው» ነበር የሚሉት። ልክ እንዳንተ።

ስለዚህ እፈትንሃለሁ። አያታችን አስተማሪው፣ ማካፈል በጨረሱ ቁጥር «ቀሪ የለም!» እያሉ ጠመኔውን ስለሚጥሉ ሰፈሩ ሁሉ ቀሪ የለም ይላቸው የነበሩት፣ ለእኔና ለወንድሜ አንድ ቁጥር አውርሰውናል። ቁጥሩን አልነግርህም። ጠባዩን ግን ልንገርህ፤ ወንድሜ ከሆንክ ትስቃለህ፣ ካልሆንክ ያልብሃል።

አሥር አኃዝ አለው። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኙበታል። ከፊት ሁለቱን ብትወስድ ለሁለት ይካፈላል፣ ሦስቱን ብትወስድ ለሦስት፣ አራቱን ለአራት፣ እንዲህ እያለ ሙሉው ለአሥር። ወይም ከኋላ አንድ በአንድ እየቆረጥክ ና፤ የትም ላይ ብታቆም፣ የተረፉት አኃዞች ስንት እንደሆኑ ቆጥረህ በዚያው አካፍል፣ ቀሪ የለም። አያታችን እንዲህ ያለ ሌላ ቁጥር የለም ብለው ሲምሉልን አላመንናቸውም ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ፈለግን፤ ያገኘነው ነገር ቢኖር ደብተር ጨረሳችሁ ተብለን መገረፍ ነው።

ያንን ቁጥር ጻፍልኝ። እስከዚያው ደብዳቤህን ለእትዬ አላነብላትም፤ ጠረጴዛውም ካለበት አይነቃነቅም።

እህቱ


ሚያዝያ 3

እህቴ፤

ጥርጣሬሽ አሳዘነኝ። ሚስት የለኝም። አልሞትኩም። የሞተ ሰው የኪራይ ቤት ደረጃ በየሳምንቱ አይጠርግም፣ እኔ እየጠረግሁ ነው።

የጽሕፈት መኪና የገዛሁት ስለረከሰ ነው። ጠረጴዛውን ስጪ ያልኩት ቦታ ስለያዘባችሁ ነው። የእናቴን ጉዞ ያቆየሁት ቤቱ ስለማይመች ነው። ሌላ ምክንያት የለም።

ስለ ቁጥሩ፣ ልጅ አይደለሁም። ቅንድብሽን በወረንጦዬ የነቀልሽው አንቺ ነሽ። ወንድምሽ መሆኔን ለማወቅ ይህ ይበቃሻል።

እናቴን ሄደሽ እዪው አትበያት። ደህና ነው ብቻ በያት።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 24

አይበቃኝም።

የቅንድቤን ታሪክ ወንድሜ ለአውቶቡስ ሹፌር ሳይቀር ያወራል፤ አብሮት የሚኖር ጓደኛ በቃሉ ቢያውቀው አይገርመኝም። ቁጥሩን ግን ለማንም አይሰጥም። የአያታችን ኑዛዜ ነው ብሎ ለገዛ እጮኛው እንኳ አልነገራትም፤ እሷም ስለዚህ ይሁን ስለሌላ ነገር ትታዋለች።

ሦስት ጥያቄ ብጠይቅህ ሦስት «ስለ» መለስክልኝ። «ቤቱ አይመችም» የምትለው ቤት በጥቅምት ቀለም ተቀብቶ ነበር። «ሄደሽ እዪው አትበያት» ማለትስ ምን ማለት ነው? ዓይኗ የደከመን ሴት ማን እዪ ይላታል?

አሁን ሚያዝያ እያለቀ ነው። እትዬ ሻንጣዋን በር ሥር አድርጋዋለች። ደብዳቤ አልመጣም ወይ ስትለኝ ገና ነው እላታለሁ። እኔ ከዚህ በፊት ዋሽቼ አላውቅም አልልም። እናት አባቴ ሲሞቱ እጄን ይዛ ወደዚህ ቤት ላስገባችኝ ሴት ግን ዋሽቼ አላውቅም ነበር። አስዋሸኸኝ። ለዚህ ይቅር አልልህም፣ ማንም ሁን ማን።

ቁጥሩን ካልላክህ የሚቀጥለውን ደብዳቤ የምጽፈው ለፋብሪካው አለቃ ነው፣ «ጸሎት ነው?» ብሎ ለጠየቀው። እሱ እውነቱን ይነግረኛል።

አራሚዋ


ግንቦት 15

እህቴ፤

ለአለቃው አትጻፊለት።

3816547

እኔ ጋ ያለው ይኼ ነው። አሥሩን ለመጻፍ ሞክሬ ነበር። ስቆጥር ከዚህ አላልፍ አለኝ። አካፍዪው፣ ቀሪ የለውም።

እናቴ ግን ይህን ደብዳቤ እንዳትሰማ። እለምንሻለሁ።

ወንድምሽ


ሰኔ 6

ለወንድሜ ጓደኛ፤

ከእንግዲህ «ወንድሜ» ብዬ ስለማልጽፍልህ አትቀየመኝ።

ቁጥሩን ቢሮዬ ውስጥ፣ የሰው መጽሐፍ ማረም ትቼ አካፈልኩት። ለሰባት ሲካፈል 545221 ይደርሳል፣ ቀሪ የለም። ወደ ኋላም ሄድኩ፤ ስድስቱ ለስድስት፣ አምስቱ ለአምስት፣ ሁሉም ልክ ነው። ቁጥሩ የእኛ ነው። ግን ሦስት አኃዝ ጎድሎታል። ያ ቁጥር በእንቅልፍ ልቡ እንኳ ቢጠየቅ ከወንድሜ አፍ በሙሉ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ የገባኝን ልንገርህ። ወንድሜ ቁጥሩን ለአንተ ነግሮሃል። ለማንም የማይሰጠውን የሰጠህ አልጋ ላይ ሆኖ መሆን አለበት፣ እህቴ ብትጠይቅህ ብሎ። ሰባቱን ነገረህ፤ ስምንተኛው ላይ ቃሉ ተቋረጠ። ከዚህ አላልፍ አለኝ የምትለው እሱን ነው። እያለቀስኩ ነው የምጽፈው፣ ቀለሙ የተጨማለቀው ለዚህ ነው። የት እንደቀበራችሁት ንገረኝ፤ መርዶውን ለእናቱ እንዴት እንደ

ሰኔ 7

ከላይ ያለውን ሳልጨርስ ነው የተነሳሁት። ቀድጄ ልጥለው ነበር፤ ግን አንብበው። ምን እንዳደረግከኝ እወቅ።

ትናንት ይህን እየጻፍኩ እትዬ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። «ሦስት ደብዳቤ መጥቷል» አለችኝ። «ፖስተኛው ያንኳኳበትን ቀን ሁሉ ቆጥሬአለሁ። ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልደከመም። አሁን አንብቢልኝ፣ የሞተ እንደሆነም አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። ምን ላድርግ? የየካቲቱን አነበብኩ። የሚያዝያውንም አነበብኩ። ቁጥሩ ጋ ስደርስ «ቀስ ብለሽ» አለችኝ።

እትዬ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም። አያታችን እኔንና አንተን አስቀምጠው ጣቶቻችንን አንድ በአንድ እያጠፉ ቁጥሩን ሲያስይዙን ግን እሷ እዚያው ዕቃ እያጠበች ትሰማ ነበር፤ በእርጥብ ጣቶቿ አብራ ስትቆጥር ለካ ይዛዋለች። ማካፈሉን አታውቅም፣ ጣቱን ግን ታውቃለች። ትናንት ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ሦስት ስል የግራ ትንሿን ጣት አጠፈች። ስምንት፣ አንድ፣ ስድስት፤ አምስት ላይ የግራ አውራ ጣቷ ታጠፈ። ወደ ቀኝ ዞረች። አራት፣ አውራ ጣት። ሰባት፣ ሌባ ጣት።

«ቀጥይ» አለችኝ።

«አልቋል እኮ እትዬ።»

ሦስት ጣቶቿ እንደተዘረጉ ቀሩ። በግራ እጇ ጭምድድ አድርጋ ያዘቻቸው። ከዚያ «ማሽኑ ምን የሚሠራ ነው ያልሽኝ?» አለች።

«መቁረጫ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ።

እኔ አራሚዋ! በሰው ነጥብና ሰረዝ ስሟገት የኖርኩት። ፊርማው ቀረ፣ ወረንጦው ተሰጠ፣ ፊደሉ ጠነከረ ላላ፤ ሁሉን አንድ በአንድ ለቅሜ አንተን ገድዬ ቀበርኩህ እንጂ የገዛ ጣቴን ማየት አልመጣልኝም። ከነነፍስህ ስላለቀስኩልህ ይቅር በለኝ። አንተም ስላስዋሸኸኝ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ሰኔ ሳይወጣ ግን አንድ ጊዜ በደንብ እሰድብሃለሁ።

ቀጥሎ ያለው የእትዬ ቃል ነው። አንዲት ፊደል አላረምኩባትም።

«ልጄ፣ ቁጥሩን ልክ ነው የላክኸው። አማቴ፣ አያታችሁ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የትም ቢቆረጥ ልክ ነው ይሉ ነበር። እኔ ሒሳቡን አላውቅም፣ እሳቸው ግን ዋሽተውኝ አያውቁም። እመጣለሁ። ቤቱ ካልተመቸ ወለሉ ላይ አንጥፍልኝ። ስትቀበለኝ እጅህን ኪስህ እንደምትከት አውቃለሁ፤ ልጅ ሆነህ ብርጭቆ በሰበርክ ቁጥር እንደዚያ ነበር የምታደርገው። እኔ ግን ፊትህ አይታየኝም። የምለይህ በእጅህ ነው። አውጣው።»

የምትደርሰው ሐምሌ 18 ከሰዓት በኋላ ነው። ጠረጴዛህን ለማንም አልሰጠሁም። ዛሬ ጠዋት ወንበርህ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የቀኝ እጄን ሦስት ጣቶች አጥፌ፣ አንዱን ወረንጦ አነሳሁ። ወረንጦ የሚያዘው በአራትና በሰባት ነው፤ ሌሎቹ ሥራቸው አጠገብ ሆኖ ማየት ብቻ ኖሯል። አንዲት ደቃቅ ብሎን ሦስት ጊዜ ጥዬ በአራተኛው አነሳኋት፣ እኔ ቅንድብ ነቃይዋ። አንተማ እንዴት አታነሳ።

እህትህ፣ ያልተከበረችው


ሰኔ 29

ለእህቴ፤

ይህን የጻፍኩት በእጄ ነው። መስመሩ ሽቅብ እየወጣ ነው፣ ታገሺው። አንዱን ገጽ ለመሙላት እሑድን ሙሉ ፈጀሁ፤ እንደ ሥራሽ ወደ ብርሃን አንስተሽ ብታዪው ስንት ጊዜ እንደሰረዝኩ ትቆጥሪያለሽ።

የሆነው ጥር ላይ ነው። እየቆጠረ ነው የተቆረጠው ብለሽ እንዳትጠረጥሪ፤ የተወጠረ ካርቶን ሳላቅቅ ነው። ሁለት ወር ጠቅልለው አስቀመጡኝ። አሁን ፋብሪካው ግቢ ውስጥ በር ላይ ተቀምጬ የሚገባውን የሚወጣውን መኪና እመዘግባለሁ፣ በግራ እጄ።

ሌላ ሰው ቢመጣብኝ ጓንት አድርጌ እገላገል ነበር። እናቴ ግን የምትጨብጠው ጓንት አስወልቃ ነው። እጄን ስትዳስስ፣ የለመደችውን ፈልጋ ስታጣው ፊቷን ማየት ፈራሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አሥሩን አኃዝ ሦስት ጊዜ መትቼ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ የሌለኝን አለኝ ብዬ ለአንቺ መጻፍ አልሆነልኝም። በሌላው ሁሉ ስዋሽሽ ከርሜ በቁጥሩ መዋሸት አቃተኝ።

ሐምሌ 18 አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ከጠዋት ጀምሮ እቆማለሁ። እጄ ኪሴ ውስጥ አይሆንም። ጫማዋን በኅዳር ነው የገዛሁት፣ 37፣ አልጋው ሥር ነው።

ወረንጦዎቹን በሻንጣዋ ላኪልኝ። አንዱን ለቅንድብሽ አስቀሪው።

ወንድምሽ